የቤዝ ጊታር ክር ሲቀየር አምፑንም እንደገና ማስተካከል

አዲስ ክር አስረው አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ሲያበሩ የሚሰማው ድምፅ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ትናንት ወፍራምና የተረጋጋ የነበረው ቤዝ ዛሬ ይንቃጨላል። ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሲጥ ይላል፣ ክሩ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ ያለውን የብረት ዘንግ) ሲመታ ይሰማል፣ ጎርናናው ድምፅ ደግሞ ጥሎ የሄደ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ክሩ ነው። «ዓይነቱ መጥፎ ነው» ተብሎ ጆሮ ሳይለምደው ይወልቃል፤ ወይም የአምፑ ማዞሪያዎች በጥድፊያ ወዲያና ወዲህ ይጠመዘዛሉ።

ክሩ ግን አላጠፋም። አምፑ ላይ ያለው አቀማመጥ ለአሮጌው ክር የተበጀ ነው። ክር የሚያረጀው በአንድ ቀን አይደለም፤ ቀስ በቀስ ይደነዝዛል፤ እኛም ሳይታወቀን ትሬብሉን (የሹሉን ድምፅ ማዞሪያ) ዛሬ ትንሽ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ እየጨመርን እንከተለዋለን። ከጥቂት ወራት በኋላ ማዞሪያዎቹ የቆሙበት ቦታ ለደከመው ክር ምርኩዝ ሆኗል። ክሩ ሲታደስ ምርኩዙም መነሣት አለበት። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህን በሥርዓት ለማድረግ ነው።

አንድ የቃል ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በብዙ አምፖች ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆጣጠረው ማዞሪያ «ቤዝ» ይባላል። ከመሣሪያው ስም ጋር እንዳይምታታ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ሎው» እለዋለሁ።

ክሩ ላይ የሚለወጠው ምንድን ነው?

በመደበኛ ቅኝት ባለ አራት ክር ቤዝ ላይ ባዶ የሚመታው ኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ (41 ኸርዝ) ያህል ይርገበገባል፤ ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ 98 ኸርዝ ናቸው። ክሩ ግን በሙሉ ርዝመቱ ብቻ አይርገበገብም። በዚያው ቅጽበት በግማሹ፣ በሲሶው፣ በሩቡም ይርገበገባል። ስለዚህ ኢ ሲመታ 82፣ 123፣ 165 እያለ ወደ ላይ የሚወጣ የሃርሞኒክስ መሰላል አብሮ ይሰማል። አዲስ ክር ላይ ይህ መሰላል እስከ ብዙ ሺህ ኸርዝ ይዘልቃል፤ ቶሎም አይጠፋም።

ላብ፣ የቆዳ ብናኝና አቧራ በክሩ ጥምጥም መካከል ሲገቡ፣ ብረቱም መዛግ ሲጀምር፣ ክሩ ውስጥ መፋተግ ይበዛል። መፋተጉ መጀመሪያ የሚያፍነው ላይኛውን የመሰላሉን ክፍል ነው። ታችኛው፣ ማለትም 41ዱና 82ቱ፣ ብዙም አይነካም። ቆሻሻው በክሩ ላይ እኩል ስለማይከማችም ያረጀ ክር ባዶውን ሲቃኙት ልክ ይሆንና ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች ሲወጡ ቅኝቱ ይዛባል።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ለቀጣዩ ሁሉ መሠረት ነው፤ አዲሱ ክር ጎርናና ድምፅ አልቀነሰም። ሹሉ ድምፅ ከፍ ስላለ ጎርናናው ያነሰ መስሎ ይሰማል እንጂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቤዙ ጠፋ» ብሎ ሎውን ይጨምራል። በድምፅ ማጉያ ሒሳብ 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) መጨመር ማለት የአምፑን ኃይል በእጥፍ መጠየቅ ነው፤ 10 ዴሲቤል ደግሞ አሥር እጥፍ። ኃይሉን ከሁሉ በላይ የሚበላው፣ ስፒከሩንም ከሁሉ በላይ የሚያንገላታው ዝቅተኛው ድምፅ ነው። የሌለ ጉድለት ለመሙላት ሲባል አምፑ ጉልበቱን ይጨርሳል። መነካት የነበረበት ላይኛው ነው፤ እሱም በመቀነስ።

የክሩ ዓይነት

የቀየሩት በዚያው ዓይነት ከሆነ ልዩነቱ የአዲስና የአሮጌ ብቻ ነው። ዓይነት ከቀየሩ ግን ነገሩ ሰፊ ነው። መሣሪያ ሠሪው ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን የተባለውን ኤሌክትሪክ ቤዝ ሲያወጣ የዘመኑ የቤዝ ክር ፍላትዋውንድ ነበር። የላዩ ጥምጥም ጠፍጣፋ ስለሆነ እጅ ላይ ይለሰልሳል፤ መነሻ ድምፁ ጠንካራ ነው፤ ሹሉ ድምፅ ግን ከመጀመሪያውም ጥቂት ነው፤ ያም ቶሎ ይረግባል። በሞታውን የሙዚቃ ኩባንያ ቀረጻዎች የሚታወቀው ጄምስ ጄመርሰን ይጫወት የነበረው በዚህ ክር ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ክር አምራቹ ሮቶሳውንድ ከዘ ሁ ባንድ ቤዚስት ከጆን ኤንትዊስል ጋር የሠራው ራውንድዋውንድ (የላዩ ጥምጥም ክብ ሽቦ የሆነ) ክር ሲመጣ ቤዝ እንደ ፒያኖ የሚያስተጋባ ሹል ድምፅ አገኘ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያስረው ራውንድዋውንድ ነው።

ከራውንድዋውንዶች መካከል ስቴንለስ ስቲል ከሁሉ ሹሉ ነው፤ ኒኬል የተቀባ ብረት መካከለኛ፤ ንጹሕ ኒኬል ደግሞ ለስለስ ይላል። ቴፕዋውንድ በናይሎን የተሸፈነ ሲሆን ጠባዩ ወደ ፍላትዋውንድ ያደላል። በውስጡ ብረት ስላለ በማግኔት ፒክአፕ (የክሩን ርግብግብ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት በሚለውጠው) ይሠራል። ለአኩስቲክ ቤዝ የሚሸጠው የነሐስ ክር ግን ማግኔት ብዙም አይሰማውም፤ በኤሌክትሪክ ቤዝ ላይ ካሰሩት ድምፁ ደካማ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ አምፑን ቢያዞሩት የሚፈታ ነገር አይደለም።

ደረጃ 1፦ ከመፍታትዎ በፊት ይመዝግቡ

የአምፑን ማዞሪያዎች ሁሉ ፎቶ ያንሡ። የቤዙን የራሱን ቮልዩምና ቶንም አይርሱ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል ይቅረጹ፤ ባዶ ኢ፣ በ12ኛው ፍሬት ላይ ያለው ኢ፣ አንድ መንሸራተት፣ ከሚጫወቱት ዜማ አንድ ቁራጭ። የስልክ ማይክ ጎርናናውን ድምፅ በደንብ አይዝም፤ ከተቻለ ከአምፑ ላይን መውጫ ወደ መቅጃ ይውሰዱት። ይህ ቅጂ በኋላ ውለታ ይከፍላል። ጆሮ ትናንት የሰማውን በትክክል አያስታውስም፤ ማስታወስ የሚመስለው ምኞት ነው።

ደረጃ 2፦ ክሩን አንድ በአንድ ይቀይሩ

አምፑን አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ። አራቱ ክሮች አንድ ላይ አንገቱን ከ70 እስከ 85 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይስባሉ። ሁሉም ባንዴ ቢፈታ ቤዙ አይሰበርም፤ ነገር ግን አንገቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እንደገና እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል። አንድ በአንድ መቀየር ይህን ያስቀራል። ፍሬቶቹን ማጽዳት ካስፈለገ ግን ሁሉንም መፍታት ምንም ኃጢአት የለውም።

አዲሱን ክር ከብሪጁ (በቤዙ አካል ላይ ክሩ ከሚታሰርበት ብረት) አሳልፈው ወጥረው ሲይዙት ከሚጠመጠምበት ቁልፍ አልፎ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። እዚያ ላይ መጀመሪያ ማዕዘን አስይዘው ይጠፉት፤ የሚቆርጡት ከታጠፈ በኋላ ነው። ሳይታጠፍ የተቆረጠ ክር ጥምጥሙ ከውስጡ ብረት ላይ ይላላል፤ ያ ክር ድምፁ ከመጀመሪያው ቀን የሞተ ይሆናል። ብዙ ሰው «ከፋብሪካው የተበላሸ ኢ ክር» የሚለው እንዲህ የተቆረጠ ነው። ጫፉን በቁልፉ መካከል ካለው ቀዳዳ ከተው ከላይ ወደ ታች ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይጠምጥሙ።

ከተቃኘ በኋላ ክሩን በብሪጁ ሳድል (ክሩ በሚያርፍበት ትንሽ ብረት) ፊት ለፊትና በአንገቱ ጫፍ ባለው ነት አጠገብ በአውራ ጣት ቀስ ብለው ወደ ታች ይጫኑት። ወፍራም ክር በሚያርፍባቸው ነጥቦች ላይ ቀስት ሠርቶ ስለሚቀር ድምፁ ይላላል፣ ቅኝቱም ይዛባል። ይህች ትንሽ ጭነት ከብዙ የአምፕ ማስተካከል የበለጠ ድምፅ ታጠራለች። ከዚያ ክሩን በመካከሉ ይዘው ቀስ ብለው ሳብ ሳብ ያድርጉና እንደገና ይቃኙ። ቅኝቱ መውረዱን እስኪያቆም ይደጋግሙት።

ደረጃ 3፦ መሣሪያውን ከአምፑ በፊት ያስተካክሉ

የክሩ ውፍረት ከተለወጠ ይህ ደረጃ የግድ ነው። የተለመደው ስብስብ 45፣ 65፣ 85፣ 105 ነው፤ ቁጥሩ የኢንች ሺሕኛ ነው፤ 105 ማለት 2.67 ሚሊ ሜትር ገደማ። ወፍራም ክር አንገቱን ወደ ፊት ይስባል፣ ክሩ ከፍሬት ይርቃል። ቀጭን ክር ሲታሰር አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ክሩ ፍሬት ላይ መንጫጫት ይጀምራል። ይህ ጫጫታ በአምፑ ሲሰማ «ትሬብል በዝቷል» ያሰኛል። ትሬብሉን ሲቀንሱ ጫጫታው ይደበቃል፤ ሙዚቃውም አብሮ ይደበቃል።

ኢ ክርን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው በ7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት አካባቢ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለብዙ እጅ ይስማማል። ካልሆነ ትራስ ሮዱን (በአንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ዘንግ) በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፉ ያስተካክሉ፤ ከቃኙ በኋላ እንደገና ይዩት። ከዚያ ባዶውን ክርና በ12ኛው ፍሬት የተያዘውን በቱነር (በቅኝት መለኪያ) ያነጻጽሩ። የ12ኛው ከፍ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ ያርቁ፤ ዝቅ ካለ ያቅርቡ።

የፒክአፑን ከፍታም እዚሁ ይጨርሱ። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነው በክሩና በፒክአፑ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢኖር ጥሩ መነሻ ነው። ወፍራም ክር ወደ ፒክአፑ ይቀርባልና ጎልቶ ይወጣል። አንዱ ክር ከሌሎቹ ከበለጠ እዚህ ይስተካከላል፤ አምፕ አራቱንም ክር በአንድ ላይ ነው የሚያየው፣ ለይቶ ማረም አይችልም።

ደረጃ 4፦ አምፑን ወደ ዜሮ

ፎቶው አለና አይሥጉ። ሎው፣ ሚድ (የመካከለኛው ድምፅ ማዞሪያ) እና ትሬብል ወደ መካከል፤ ኮምፕረሰር (ጎልቶ የወጣውን ድምፅ የሚያፍነው)፣ ድራይቭ (ድምፁን የሚያሻክረው)፣ «ኮንቱር» ወይም «ሼፕ» የሚል ቁልፍ ካለ ይጥፋ። ቲዊተሩ (ሹሉን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) ማዞሪያ ካለው ወደ ታች ይውረድ። የቤዙ ቮልዩምና ቶን ሙሉ ይከፈቱ። አንዳንድ አምፖች የቶን ሰርኪታቸው ማዞሪያው መካከል ላይ ቢሆንም ድምፁን ሳይለውጥ አያሳልፍም። የእርስዎ እንዲህ ከሆነ የአምፑ መመሪያ ዜሮው የት እንደሆነ ይነግርዎታል።

እኔ ከአሮጌው አቀማመጥ ተነሥቶ «ትንሽ ትንሽ ማረም» የሚባለውን አልመክርም። አሮጌው አቀማመጥ ስድስት ወር የተከማቸ ውሳኔ ነው፤ የትኛው ለጆሮዎ፣ የትኛው ለደከመው ክር እንደተደረገ መለየት አይቻልም።

ደረጃ 5፦ ጌይን

አዲስ ክር ሲመታ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ስል ናት። በአሮጌው ክር ፈጽሞ የማይበራው የክሊፕ መብራት (ወደ አምፑ የሚገባው ምልክት ሲበዛ የሚበራው) አሁን ብልጭ ሊል ይችላል። በእውነተኛ ጨዋታ የሚመቱትን ያህል በኃይል እየመቱ ጌይኑን (የሚገባውን ምልክት መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ) ከፍ ያድርጉ፤ መብራቱ አልፎ አልፎ ብልጭ ማለት ሲጀምር ትንሽ ይመልሱት። ቤዙ ባትሪ ያለው አክቲቭ ከሆነና ጌይኑ ዝቅ ብሎም መብራቱ ካልጠፋ የአምፑን «አክቲቭ» መግቢያ ወይም ምልክቱን የሚቀንሰውን «ፓድ» ይጠቀሙ። ኮምፕረሰር የሚጠቀሙ ከሆነ እሱም እንደ አዲስ ይስተካከል፤ የቀድሞው አቀማመጥ የአዲሱን ክር ስለት ይዞ ሊያፍን ይችላል።

ደረጃ 6፦ ከላይ ወደ ታች

ቅደም ተከተሉ ከላይ የሚጀምረው ለውጡ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ቲዊተሩ። ከዜሮ ቀስ እያሉ ይክፈቱት፤ የጣት መንሸራተት ከኖታው በላይ መሰማት የጀመረበት ቦታ ላይ ቆም ብለው ትንሽ ይመለሱ። ሲጥ የሚለው ድምፅ በብዛት ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። በስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመታ) የሚጫወት ሰው ይህን ክልል ይፈልገዋል፤ በጣት ረጋ ብሎ የሚጫወት ግን ቲዊተሩን ፈጽሞ ዘግቶ ቢተወው ምንም አይጎድልበትም።

ቀጥሎ ትሬብልና ላይኛው ሚድ። የፍሬት ንኳኳታ በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ነው። ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። እዚህ ላይ የቤዙን የራሱን ቶን ማዞሪያ እንዳይረሱት አደራ እላለሁ። ቶኑን ሩብ ያህል መዝጋት አምፑ ላይ ሦስት ማዞሪያ ከመነካካት የተሻለ ውጤት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ክሩ ሲደነዝዝም መልሶ መክፈት ቀላል ነው። በግሌ አዲስ ክር ሳስር ቶኑን ዘጋ አድርጌ ጀምሬ በየሳምንቱ እከፍተዋለሁ፤ አምፑን ሳልነካው ወር ያልፋል።

ሚዱ ላይ ቸኩለው አይቀንሱ። ከ500 እስከ 1,000 ኸርዝ ያለው ክልል ሰሚው የትኛው ኖታ እንደተመታ የሚለይበት ነው። አዲስ ክር እዚህ ሀብታም ነው፤ ለዚህ ነው ገንዘብ የወጣው። በአሮጌው ክር ጊዜ ሚድ ጨምረው ከነበረ አሁን ዜሮ ላይ ተዉትና ያዳምጡ። ድምፁ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ከመሰለ ከ250 እስከ 400 ኸርዝ አካባቢ ትንሽ መቀነስ ይረዳል።

ሎው መጨረሻ ነው። ላይኛው ከተስተካከለ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨመር ነገር አይገኝም። ከተጨመረም 2 ዴሲቤል ይበቃል።

ወደ ፍላትዋውንድ ለተሻገረ ሰው

እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ለራውንድዋውንድ የተሠራ አቀማመጥ ፍላትዋውንድ ላይ ሲውል ድምፁ ይጎረናል፤ ኖታዎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ብዙዎች ትሬብሉን እስከ ጥግ ይከፍታሉ። ክሩ ግን እዚያ ክልል ውስጥ ብዙ ድምፅ የለውም። የሌለ ድምፅ በማጉላት አይገኝም፤ ከፍ የሚለው የአምፑ ሽሽታ ብቻ ነው። ይልቅ ሎውን ከ2 እስከ 4 ዴሲቤል ይቀንሱና ከ600 እስከ 1,000 ኸርዝ ያለውን ሚድ ከፍ ያድርጉ። ኖታው ይለያል፤ ሙቀቱም ይቀራል። ብዙ የፍላትዋውንድ ስብስቦች ከራውንድዋውንድ የበለጠ ስለሚወጠሩ ደረጃ 3ን እንዳይዘሉ።

ደረጃ 7፦ ከባንዱ ጋር፣ በእውነተኛው ከፍታ

ለብቻ በክፍል ውስጥ የተገኘው አቀማመጥ ግማሽ መንገድ ነው። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት የሰው ጆሮ በዝቅተኛ የድምፅ መጠን ላይ ጎርናናውን ድምፅ አሳንሶ ይሰማል። ቤት ውስጥ ቀስ ብለው ሲጫወቱ ልክ የመሰለው ሎው በመድረክ ከፍታ ሲሆን ይበዛል። አምፑ የተቀመጠበትም ይወስናል። የኢ ክር የድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ አምፑ ግድግዳ ወይም ማዕዘን ላይ ሲጠጋ ጎርናናው ይጎላል። ስለዚህ ኢኩዋላይዘሩን (የሎው፣ የሚድና የትሬብል ማዞሪያዎቹን) ከመንካትዎ በፊት አምፑን ግማሽ ሜትር አንቀሳቅሰው ይስሙ፤ እርስዎም ከፊቱ ጥቂት እርምጃ ይራቁ። እግር ሥር ባለ ካቢኔት አጠገብ ቆሞ ትሬብል መፍረድ አይቻልም፤ ሹሉ ድምፅ ቀጥታ ወደ ጉልበት ነው የሚሄደው።

ድራሙና ጊታሩ ሲገቡ ለብቻ ሲሰሙት ያስጠላው ሹልነት ግማሹ ይዋጣል። ብቻዎን ሳሉ ትንሽ የበዛ የመሰለው ብሩህነት በባንድ ውስጥ ልክ ይሆናል። ስለዚህ ለመጨረሻው ፍርድ እስከ ልምምዱ ይታገሡ።

የአምፑ ዲአይ መውጫ (ምልክቱን በቀጥታ በገመድ የሚያወጣው) ወደ ትልቁ የድምፅ ሥርዓት የሚሄድ ከሆነ «ፕሪ» (ከኢኩዋላይዘሩ በፊት) ይሁን «ፖስት» (ከኢኩዋላይዘሩ በኋላ) ያረጋግጡ። ፕሪ ላይ ከሆነ እስካሁን በኢኩዋላይዘሩ ያደረጉት ሁሉ ወደ ታዳሚው አይደርስም፤ ጥሬው ክር ነው የሚሄደው። ለድምፅ ባለሙያው «ክር ቀይሬያለሁ» ብሎ መንገር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ብዙ ግርታ ያስቀራል። እኔ አንድ ጊዜ መድረክ ከመውጣቴ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ቀይሬ ሳልናገር ቀረሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቅኝቱ ሲወርድ፣ ድምፁ ከአዳራሹ ሲንቃጨል አመሸሁ። ከዚያ ወዲህ ከዝግጅት ሦስት ቀን በፊት እቀይራለሁ።

ደረጃ 8፦ ቀጣዮቹ ሳምንታት

የአዲስ ራውንድዋውንድ የመጀመሪያው ስለት ከጥቂት ሰዓታት ጨዋታ በኋላ ይበርዳል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ብዙም ሳይለወጥ ይቆያል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ደረጃ 6ን አንዴ ይድገሙና ያንን አቀማመጥ ፎቶ ያንሡ፤ የእርስዎ እውነተኛ መነሻ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ትሬብሉን ከዚህ ፎቶ በላይ ደጋግመው ሲጨምሩ ካገኙት ክሩ እየሞተ ነው።

ከመጫወት በፊት እጅ መታጠብ፣ ከጨዋታ በኋላ ክሩን ከታችም ከላይም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜውን ያራዝማል። ሽፋን የተቀባ ክር ቀስ ብሎ ያረጃል። አሮጌ ራውንድዋውንድን በውኃ መቀቀል ቆሻሻውን አውጥቶ ሹሉን ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ይመልሳል፤ ለአንድ ቀረጻ ይበቃ ይሆናል እንጂ አዲስ ክርን አይተካም።

የፈቱትን አሮጌ ስብስብ ጠቅልለው በቤዙ ቦርሳ ውስጥ ያኑሩ። ከወራት በኋላ አንድ ክር መድረክ ላይ ቢበጠስ፣ አዲስ ክር ከሦስት የደከሙ ክሮች መካከል ብቻውን ይጮኻል፤ አምፑም ለይቶ ሊያስተካክለው አይችልም። ያን ጊዜ ከቦርሳው የሚወጣው አሮጌ ክር ከጎረቤቶቹ ጋር ይስማማል፤ ማዞሪያዎቹም ባሉበት ይቆያሉ።